ቴርሞሜትሩ ልክ ነበር፤ የተሳሳተው ስሌታችን ነው

ሐዋሳ ላይ ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ነው የምማረው። ሦስት ቀን ያስጨነቀን የላብ ሪፖርት ነበር፤ በመጨረሻ ተፈታ። ሌላ ሰው እንዳይደክምበት ልጻፈው።

ሙከራው ቀላል ነው፦ ኢታኖል (አልኮል) አፍልቶ የሚፈላበትን ሙቀት መመዝገብ። ፈሳሽ በየግፊቱ ስንት ዲግሪ ላይ እንደሚፈላ በሚያሰላው በአንቷን ቀመር ያገኘነው 78.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ቴርሞሜትሩ ግን 73 ላይ ቆሞ ቀረ። «ተበላሽቷል» ብለን ሌላ ተዋስን። ያው 73።

ነገሩ የገባኝ ውሃ ሳፈላ ነው። በዚያው ፍላስክ የተጣራ ውሃ ጣድኩ። ውሃው እየተንተከተከ፣ እንፋሎቱ የፍላስኩን አንገት እያላበው፣ ንባቡ 94 ከምናምን ላይ ተቸነከረ። ንቅንቅ የለም። ሁለቱም ፈሳሾች 5 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ብለዋል። ይሄማ የመሣሪያ ችግር አይደለም።

ቀመሩ ውስጥ ያስገባነውን ግፊት አየሁት፦ 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ። የባሕር ጠለል ግፊት! ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ የአየሩ ግፊት 620 አካባቢ ነው። ፈሳሽ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከአየሩ ግፊት ጋር እኩል ሲሆን ነው። አየሩ ሲቀል ቶሎ ይደርስበታል። 620 ስናስገባ ኢታኖል 73.3፣ ውሃ 94.4 ሆነ። ደስታችን ልክ አልነበረውም።

ዲስቲሌሽን (ፈሳሾችን አፍልቶ መለየት) ስትሠሩም ይሄ ይመጣል። መጽሐፍ ላይ ያለው የእንፋሎትና የፈሳሽ ሚዛን ኩርባ (ድብልቁ ሲፈላ በፈሳሹና በእንፋሎቱ ውስጥ የእያንዳንዱ ድርሻ ስንት እንደሆነ የሚያሳየው) ብዙውን ጊዜ በ760 የተሠራ ነው፤ በአካባቢያችሁ ግፊት እንደገና ሥሩት። እኛ ኤክሴል ላይ ግፊቱን ለብቻው አንድ ሴል ውስጥ አስቀመጥነው። አዲስ አበባ የምትማር ጓደኛችን ፋይሉን ወስዳ ያቺን ቁጥር ብቻ ቀየረች።