ቁጥር የሌለው የሳንቲም ደረጃ ምን ይነግረናል?

በባለሙያ ተመርምሮ በፕላስቲክ መያዣ የታሸገ የዳግማዊ ምኒልክ ብር ወይም 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት የማርያ ትሬዛ ጠገራ ብር ከመግዛትዎ በፊት፣ በመለያው ላይ ቁጥር መኖሩን ያረጋግጡ። ፒሲጂኤስ እና ኤንጂሲ የተባሉት የአሜሪካ ድርጅቶች ለሳንቲም ከ1 እስከ 70 የሚደርስ ነጥብ ይሰጣሉ፤ 60 እና ከዚያ በላይ ያገኘው እጅ በእጅ በመዘዋወር ገጹ ያልተበላ ነው። ሳንቲሙ እውነተኛ ቢሆንም ተፈግፍጎ ከጸዳ፣ ከተበሳ ወይም ክፉኛ ከተቧጨረ ግን አብዛኛውን ጊዜ ነጥብ ይነፈገውና «ዲቴይልስ» የሚል ቃል ከጉድለቱ ዓይነት ጋር ይጻፍበታል። በአገራችን ብዙ ጠገራ ብሮች ማንጠልጠያ ተበይዶላቸው የአንገት ጌጥ ሆነው ስለኖሩ፣ የብየዳው ጠባሳ ነጥብ ያሳጣቸዋል። ለምሳሌ በመለያው ላይ የሚጻፈው «ኤክስኤፍ ዲቴይልስ» ማለት ቅርጹ የ40 ወይም የ45 ነጥብ ሳንቲም ያህል ሳይደበዝዝ ቆይቷል፣ ነገር ግን ጉዳት አለበት ማለት ስለሆነ፣ ሻጩ የባለ ነጥቡን ዋጋ ሲጠይቅዎ አይቀበሉት። በቤትዎ ያለውንም አሮጌ ብር እባክዎ በሎሚም ሆነ በአመድ አይፈግፍጉት፤ አንዴ የተፋቀ ገጽ አይመለስም።