የአያትን ውጅግራ ወደ አሜሪካ ለመላክ ካሰባችሁ

ባሕር ዳር ሽምብጥ፣ እናቴ ሳሎን ግድግዳ ላይ አንድ ውጅግራ፣ የድሮ የፈረንሳይ ጠመንጃ፣ ተሰቅሏል። ቨርጂኒያ ያለው ታናሽ ወንድሜ «ላክልኝ፣ እኔም ልስቀለው» ሲለኝ ያሳሰበኝ የሻንጣው ኪሎ ብቻ ነበር። ሞኝ ነበርኩ።

መጀመሪያ ጥይት እንደሌለበት እዩ። ከዚያ በማን ስም እንደተመዘገበ ፖሊስ ጋ አጣሩ። የጦር መሣሪያ አዋጁ፣ ቁጥር 1177/2012፣ ያለ ፈቃድ መያዝንም ማዘዋወርንም ይከለክላል። «የአያቴ ነው» ማለት ፈቃድ አይሆንም።

ዋናው ጣጣ የተሠራበትን ዓመት ማስረዳት ነው። በአሜሪካው የ1968 ሕግ፣ በፈረንጆቹ 1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ ጠመንጃ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ስለሚታይ የጦር መሣሪያ ማስገቢያ ፈቃድ አይጠየቅበትም። ካናዳ ግን ከ1898 በፊት ነው የምትለው፤ ራሱ 1898 አይገባም። ውጅግራ ላይ የምታዩት «1874» የሞዴሉ ስም ነው፣ የተሠራበት ዓመት አይደለም። ዓመቱን የምታገኙት በርሜሉ ከጥይት ማጉረሻው ጋር በሚገናኝበት አካባቢ፣ ብረቱ ላይ ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለሆነ ሰባትና ስምንት እየደመራችሁ አትድከሙ። ቤተሰብ የጻፈው «በ1888 አድዋ ላይ የተማረከ» የሚለው ወረቀት ግን የእኛ አቆጣጠር ነው፤ በእነሱ 1896 ይሆናል። ደግሞም የተማረከበት ዓመት እንጂ የተሠራበት አይደለም።

የእኔን ጥፋት እዚህ ላይ ልንገራችሁ። የጣና እርጥበት ብረቱን አዝጎት ነበር። ፎቶው እንዲያምር ብዬ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት። ብረቱ አበራ፣ ከዓመቱ የቀረው «18» ብቻ ሆነ። 1899ም በ18 ይጀምራል! እናንተ ለስላሳ ጨርቅና ትንሽ ዘይት ብቻ ተጠቀሙ። ከዚያ ዘይቱን ጠርጋችሁ ጽሑፉ ላይ ጠመኔ አሹበት፣ የስልክ መብራት በጎን አብሩና ፎቶ አንሱ። ከውድ ካሜራ ይሻላል።

ከ1898 በኋላ ለተሠራ፣ ለምሳሌ ለኤም ዋን ካርባይን፣ አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ያለው አስመጪ ያስፈልጋል። ለአንድ ጠመንጃ እሺ የሚል ማግኘት ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ እኛ በር። ጠመንጃው ባረጀ ቁጥር ወደ አሜሪካ መግባቱ ይቀላል፣ ከኢትዮጵያ መውጣቱ ይከብዳል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ፣ ቁጥር 209/1992፣ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ስለዚህ ትኬት ሳትቆርጡ ቅርስ ባለሥልጣን ጠይቁ። እኔ መጨረሻ ላይ ጠየቅኩ። መጀመሪያ ጠይቄ ቢሆን ሁለት ዓመት ባልለፋሁ ነበር።

«በመተማ አሻግርልሃለሁ» የሚል ደላላ አይጠፋም። ስልኩን ዝጉበት። ፈታትቶ በየሰው ሻንጣ መበተንም ያው ኮንትሮባንድ ነው።

ውጅግራው አሁንም እናቴ ሳሎን ነው። ወንድሜ ፎቶውን በትልቁ አሳትሞ ሰቅሎታል። የፈተግኩት ቦታ ከሩቅ ያበራል።