የሸክላ ሙዚቃ ሲንጣጣ ስታቲክ ኤሌክትሪክን ይጠርጥሩ

በ1960ዎቹ ዓ.ም. በአምሃ ሪከርድስም ሆነ በፊሊፕስ የታተሙ ሸክላዎችን እስካሁን የምታዳምጡ ሁሉ፣ በተለይ አየሩ በሚደርቅበት በበጋ ወራት የምትሰሙትን መንጣጣት ሁልጊዜ የጭረት ውጤት አድርጋችሁ አትቁጠሩት። ሸክላው የተሠራበት ፕላስቲክ ከወረቀት ከረጢቱ ተፋትጎ ሲወጣ በስታቲክ ኤሌክትሪክ ስለሚሞላ በዙሪያው ያለውን አቧራ ይስባል፤ መርፌው ያንን አቧራ እየረገጠ ሲያልፍ ይንጣጣል፤ አንዳንድ ጊዜም የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ ራሱ በድንገት ሲለቀቅ በድምፅ ማጉያው ይሰማል።

በደረቅ ጨርቅ መወልወል፣ ብዙዎች የለመዱት ቢሆንም፣ ፍትጊያውን ጨምሮ ነገሩን ያባብሳል። የሚሻለው ሸክላው እየተሽከረከረ፣ መርፌው ሳይወርድ፣ የካርቦን ክር ብሩሽ በስሱ አስነክቶ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ካቆዩ በኋላ ወደ ጠርዙ ጠርጎ ማንሳት ነው፤ ካርቦን ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ፣ የብሩሹ እጀታ ብረት ከሆነ ክምችቱ በእጅዎ በኩል ይወጣል። የወረቀት ከረጢቱን የውስጥ ገጹ በስስ የፖሊኢትሊን ፕላስቲክ በተሸፈነ መተካት፣ ከሸክላው ሥር የሚነጠፈውንም የሱፍ ምንጣፍ በቆዳ ወይም በቡሽ መለወጥ እጅግ እመክራለሁ። የማያቋርጥ «እምም» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ግን ምክንያቱ ሌላ ነውና የማጫወቻው የግራውንድ (የመሬት) ሽቦ ከአምፕሊፋየሩ ጋር በደንብ መታሰሩን ተመልከቱ።