የቤት ጥበቃ ካሜራህ ቅጠል በተወዛወዘ ቁጥር እንዳይጮህ
ስልክህ ላይ የጥበቃ ካሜራውን አፕ ክፈትና ሴቲንግ ውስጥ እንቅስቃሴ መለያውን አብራው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ከዚያ ስልኩ ሲጮህ ያድርና ጠዋት ተናዶ ሁሉንም ያጠፋዋል። ተራ ካሜራ የሚያየው የምስሉን ለውጥ ብቻ ስለሆነ ቅርንጫፍ ሲወዛወዝ፣ የመኪና መብራት ግድግዳ ላይ ሲያልፍ፣ ሌንሱ ላይ ድሯን ያደራች ሸረሪት ስትንቀሳቀስ ሁሉ ሌባ መጣ ይልሃል (የኔን ሦስት ሌሊት ያስጮኸችው እሷ ናት)። ስለዚህ አፑ ላይ በሚታየው ምስል በሩንና መግቢያውን ብቻ ከበህ አስምር፣ መንገዱንና ዛፉን ተወው። ሴንሲቲቪቲውን (ለትንሽ እንቅስቃሴ ምን ያህል እንደሚነቃ የሚወስነውን) መሃል ላይ አድርግ። ካሜራው ሰው ለይቶ የሚያውቅ ከሆነ እሱን ምረጥ። ኖቲፊኬሽኑን በስልክህ ሴቲንግም ፍቀድ፤ ባትሪ ቆጣቢው አፑን ከዘጋው ምንም ላይደርስህ ይችላል። ከዚያ ማታ ራስህ በበሩ እለፍና ስልክህ ስንት ሰከንድ ቆይቶ እንደሚጮህ እይ።