ባር ግራፍ ስናነብ የምንሠራቸው ስህተቶች፦ ለ7ኛ እና ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች

ባር ግራፍ ቀላል ስለሚመስል ይናቃል። ተማሪው ረጅሙን ባር ያያል፣ «ይህ ይበልጣል» ይላል፣ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል። እዚህ ጅማ ተማሪዎችን ሒሳብ ሳስጠና የማያቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከስሌት ድክመት የሚመጡ አይደሉም፤ ማባዛትና ማካፈል አሳምሮ የሚችል ልጅም ይሳሳታል። ችግሩ ዓይን ቀድሞ ወደ ባሩ ጫፍ መሮጡ ነው። ርእሱ፣ የዘንጎቹ ስያሜና በዘንጎቹ ላይ የሰፈሩት ቁጥሮች ካልተነበቡ ባሩ ብቻውን ምንም አይነግረንም። ከዚህ በታች የምጠቀምባቸው የምርትና የዝናብ መጠኖች ለመልመጃ ያዘጋጀኋቸው ናቸው።

የቋሚውን ዘንግ መነሻ አለማየት

ከሁሉም የከፋው ይህ ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው። ሁለት ገበሬዎች ቡና ለኅብረት ሥራ ማኅበር አስረከቡ እንበል፤ አንዱ 44፣ ሌላው 48 ፈረሱላ። ቋሚው ዘንግ ከ0 ከጀመረ ሁለቱ ባሮች እኩል ለመምሰል ጥቂት ይቀራቸዋል። ያንኑ ግራፍ ከ40 አስጀምራችሁ ሣሉት። አሁን የመጀመሪያው ባር ከመነሻው በላይ 4፣ የሁለተኛው 8 ስለሚሆን ሁለተኛው እጥፍ ረዝሞ ይታያል። «የሁለተኛው ገበሬ ምርት የመጀመሪያው ስንት እጥፍ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ተማሪ «ሁለት እጥፍ» ብሎ ይጽፋል። መልሱ ግን 48 ለ44 ተካፍሎ 1.09 ገደማ ነው፤ ብልጫው 9 በመቶ ያህል ብቻ።

ልዩነቱ በሁለቱም ግራፎች ያው 4 ፈረሱላ ነው፤ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ስለሆነ 68 ኪሎ ማለት ነው። እንግዲህ «በስንት ይበልጣል?» ለሚለው ጥያቄ መነሻው የትም ይሁን፣ ቁጥሮቹን አንብቦ መቀነስ ይበቃል። «ስንት እጥፍ?» ሲባል ግን የባሮቹን ርዝመት በዓይን ማወዳደር የሚቻለው ዘንጉ ከዜሮ ከጀመረ ብቻ ነው። አንዳንድ መጻሕፍት የተዘለለውን ክፍል በተሰበረ መስመር ያመለክታሉ። በማስታወቂያ ላይ ግን ምልክቱ ብዙ ጊዜ አይኖርም፤ ስለዚህ ታችኛውን ቁጥር ፈልጉ።

በመስመሮች መካከል ያለውን ዋጋ በግምት መሙላት

በዘንጉ ላይ 20 እና 40 ተጽፈው በመካከላቸው ሦስት ቀጫጭን መስመሮች አሉ። ባሩ ሦስተኛው ላይ ያበቃል። «23» የሚል መልስ በተደጋጋሚ ይመጣል፤ ልጁ እያንዳንዱን መስመር እንደ 1 ቆጥሮታል። መቆጠር ያለባቸው ክፍተቶቹ ናቸው። ሦስት መስመሮች አራት ክፍተት ይፈጥራሉ፣ 20 ለ4 ሲካፈል 5 ነው፣ ስለዚህ ባሩ 35 ላይ ነው። ማስመሪያ ከባሩ ጫፍ እስከ ዘንጉ አጋድሞ ማንበብም ብዙ ስህተት ያስቀራል።

ከዘንጉ አጠገብ «በሺህ ኩንታል» የሚል ጽሑፍ ካለ ደግሞ 6 ማለት 6,000 ኩንታል ነው። ይህን መርሳት ሙሉ ነጥብ ያስጥላል።

ስም የሆነውን ቁጥር እንደ መጠን መቁጠር

የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው የቡና ዝርያዎች መካከል 74110 እና 74112 የሚባሉ አሉ። መጀመሪያ ላይ ያለው 74 ዝርያዎቹ የተመረጡበትን ዘመን፣ በፈረንጆች አቆጣጠር 1974ን ያመለክታል። እነዚህ ቁጥሮች በአግድሙ ዘንግ ሲጻፉ «74112 ይበልጣል» የሚል ተማሪ አለ። ስም ናቸው፤ የሚበልጠውን የሚናገረው የባሩ ቁመት ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ስህተት አለ። ማና፣ ጎማ፣ ጌራ ተብለው ወረዳዎች በተደረደሩበት ግራፍ ላይ «ምርቱ ከማና ወደ ጌራ እየቀነሰ ሄደ» ተብሎ ይጻፋል። ወረዳ እንደ ዓመት አይከታተልም፤ ቅደም ተከተሉ ቢቀየር መረጃው አይለወጥም። ስኮትላንዳዊው ዊልያም ፕሌይፌር በ1786 ባር ግራፍን የተጠቀመው የስኮትላንድን ንግድ ከዓመት ዓመት የሚያሳይ መዝገብ ስላላገኘ ነበር፤ የአንድ ዓመቱን ንግድ በየአገሩ ለይቶ አቆመው። «ጨመረ» ወይም «ቀነሰ» የሚሉት ቃላት የሚያገለግሉት አግድሙ ዘንግ ላይ ጊዜ ሲኖር ነው።

ወራቱን አለማጣራት

የዝናብ ግራፎች ብዙውን ጊዜ በፈረንጆች ወራት ይሠራሉ። የመጀመሪያው ባር ጃንዋሪ፣ ማለትም ከታኅሣሥ 23 ገደማ የሚጀምረው ወር ሆኖ ሳለ፣ ልጆች ዓመት ከመስከረም ይጀምራል ብለው አጭሩን ባር ለመስከረም ይሰጡታል። የጅማ ልጅ መስከረም እንዴት እንደሚዘንብ በደንብ ያውቃል። ግራፉ ከሚያውቀው ነገር ጋር ሲጋጭበት ቆም ብሎ ስያሜውን እንደገና ማንበብ አለበት።

ግራፉ በእኛ ወራት ሲሆንም ወጥመድ አለ፤ ጳጉሜን። ነሐሴ 240 ሚሊ ሜትር፣ ጳጉሜን 40 ሚሊ ሜትር ቢያሳይ «በጳጉሜን ዝናቡ አባራ» ማለት ያጓጓል። 240 ለ30 ቀን፣ 40 ለ5 ቀን አካፍሉ፤ በሁለቱም በቀን 8 ሚሊ ሜትር ነው። ባሩ ያጠረው የቀኖቹ ቁጥር ስላነሰ ነው።

ግራፉ ያላለውን መጨመር

ሁለት ባሮች አሉ እንበል፤ ያለፈው ዓመት 60፣ ዘንድሮ 35 ፈረሱላ። «የገበሬው ቡና እየጠፋ ነው» የሚል መልስ ከግራፉ አይወጣም። ቡና አንዱን ዓመት አብዝቶ ካፈራ በሚቀጥለው የመቀነስ ጠባይ አለው፤ ቤተሰቡ ቡና ያለው ልጅ ይህን አባቱን ቢጠይቅ ይነግሩታል። ስለዚህ «ከግራፉ ምን ተረዳችሁ?» ለሚል ጥያቄ ሁለት ዓረፍተ ነገር ለየብቻ አስጽፋለሁ። አንደኛው የሚታየው ነው፦ «ምርቱ በ25 ፈረሱላ ቀንሷል።» ሁለተኛው ግምት ነው፦ «ዛፉ አምና ብዙ ስላፈራ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ለማጣራት የተጨማሪ ዓመታት ባሮች ያስፈልጋሉ።»