ሲስተሙ እየተንቀራፈፈ ሎጉ ለምን ባዶ ይሆናል?

ችግር፦ ገላን ካሉት የግንባታ ዕቃ መጋዘኖች አንዱን አስቡ። ካሸሯ የዕቃውን ስም ጽፋ ትጠብቃለች። ስክሪኑ ይሽከረከራል፤ ውጭ የጭነት መኪኖች ተሰልፈዋል። የዳታቤዙን፣ የማይኤስኪውኤልን፣ ስሎው ኩዌሪ ሎግ (የዘገዩ ፍለጋዎች የሚመዘገቡበትን ፋይል) ስታዩ ግን ምንም የለበትም።

ምክንያት፦ ይህ ሎግ ካልከፈታችሁት ዝግ ነው። ከተከፈተም በኋላ መነሻው 10 ሰከንድ ነው፤ ከዚያ በታች የፈጀውን አይመዘግብም። 4 ሰከንድ የፈጀ ፍለጋ ደንበኛ ያማርራል፣ ሎጉ ውስጥ ግን አይገባም።

መፍትሄ፦ ሎጉን ክፈቱና ይህን መነሻ የሚወስነውን «ሎንግ ኩዌሪ ታይም»ን ወደ 1 ሰከንድ አውርዱ። ለውጡ ቀድሞ የተከፈተ ግንኙነትን ስለማይነካ ፕሮግራሙን ዘግታችሁ ክፈቱ። ኮንፊግ ፋይሉ (ሰርቨሩ ሲነሳ የሚያነበው የቅንብር ፋይል) ላይም ጻፉት፤ አለዚያ መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ ሲነሳ ወደ 10 ይመለሳል።

ሎጉ ሲሞላ ሰከንዱን ብቻ አትዩ። «ሮውስ ኤግዛሚንድ» (የታዩ መስመሮች) 400,000፣ «ሮውስ ሴንት» (የተላኩ መስመሮች) 12 ካለ፣ 12 መስመር ለማውጣት 400,000 መስመር ተገላብጧል ማለት ነው። ኩዌሪውን በኤክስፕሌይን (ዳታቤዙ እንዴት እንደሚፈልግ በሚያሳየው ትእዛዝ) ፈትሹና ኢንዴክስ (እንደ መጽሐፍ ማውጫ ያለ የፍለጋ ዝርዝር) ጨምሩ። ፍለጋው በፐርሰንት ምልክት (%፣ «ማንኛውም ፊደል» ማለት ነው) የሚጀምር ከሆነ ግን ተራ ኢንዴክስ አያድናችሁም። መጀመሪያ ያለውን ምልክት አውጡት፤ ካሸሯም ከስሙ መነሻ ትጻፍ።

ችግር፦ ዲስኩ ሞላ። ብዙ ጊዜ ጄኔራል ሎግ ተከፍቶ ተረስቶ ነው። እያንዳንዱን ትእዛዝ ስለሚጽፍ ለጥቂት ደቂቃ ምርመራ እንጂ ለዘወትር አይሆንም። ዝጉት።

ችግር፦ የፌሮ ዋጋ ተቀይሯል፤ ማን እንደቀየረው አይታወቅም።

ምክንያት፦ አንድ ዋጋ መቀየር በቅጽበት ያልቃል፣ ስለዚህ ስሎው ሎግ አይዘውም። ሠራተኛው ሁሉ በአንድ የዳታቤዝ አካውንት ከገባ ደግሞ ጄኔራል ሎጉም ሰውየውን አይለይም።

መፍትሄ፦ ይህን በደንብ ሥሩት፤ ሒሳብ ሲጎድል መጀመሪያ ጣት የሚቀሰረው ካሸሯ ላይ ነው። ንጹህነቷን የምታሳይበት መዝገብ ሊኖራት ይገባል። ለብቻው አንድ ሠንጠረዥ ክፈቱና ፕሮግራሙ የገባውን ሰው ስም፣ የድሮውን ዋጋ፣ አዲሱንና ሰዓቱን ይጻፍበት። የፕሮግራሙ አካውንት እዚያ ላይ መጨመር እንጂ ማረምም መሰረዝም አይፈቀድለት። ፕሮግራሙ ሁሉ ነገር በሚፈቀድለት በሩት አካውንት የሚሠራ ከሆነ ይህ ክልከላ ዋጋ የለውም፤ አካውንቱን ቀይሩ።

ሰዓቱንም አስተውሉ። የማይኤስኪውኤል ሎግ ካልተቀየረ የሚጽፈው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ነው፣ ከአዲስ አበባ በ3 ሰዓት ወደኋላ። ሎጉ ላይ 10:00 ያለው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። «ሎግ ታይምስታምፕስ»ን ወደ «ሲስተም» (የሰርቨሩ ሰዓት) ቀይሩት፤ አለዚያ በሰዓቱ ፈረቃ ላይ ያልነበረ ሰው ይጠየቃል።