ማርኩን ማን ነካው? የሙድል ግሬድ ሂስትሪ አልሠራ ሲላችሁ

አንዲት ተማሪ ስክሪንሾት ይዛ መጣች። አሳይመንቷ ከ40 34 ይላል። አሁን ሙድል (ኮርስና ማርክ የሚያዝበት የኦንላይን ትምህርት ሲስተም) ላይ ስታየው ግን 28 ሆኗል። መምህሯን ብንጠይቃቸው «እኔ አልነካሁትም» አሉ። ሁለቱም አልዋሹም።

እንዲህ ዓይነቱን ነገር የሚፈታው ግሬድ ሂስትሪ የሚባለው ሪፖርት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ሙድል 2.8 ነው የመጣው። አንድ ማርክ መቼ፣ ከስንት ወደ ስንት፣ በማን እና በምን መንገድ እንደተቀየረ ያሳያል። ችግሩ፣ ሪፖርቱ ራሱ አንዳንዴ ያስቸግራል።

ሜኑው ላይ የለም

ፈቃድ የላችሁም ማለት ነው። አድሚኑን ለመምህርነት ሮላችሁ (ሲስተሙ ላይ ለተሰጣችሁ ድርሻ) የግሬድ ሂስትሪ ማያ ፈቃድ እንዲከፍትላችሁ ጠይቁት።

ይከፈታል፣ ግን ባዶ ነው

አብዛኛው ሰው የሚደናገጠው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ሰብሚት የሚለውን መጫናችሁን አረጋግጡ። ሪፖርቱ ሳይጫን ምንም አያወጣም። ቀጥሎ ማጣሪያዎቹን እዩ። የቀን ገደቡ ወይም የአራሚው ስም በርቶ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

ያም ሆኖ ባዶ ከሆነ ኮርሱ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ከባክአፕ ሪስቶር የተደረገ ኮርስ የማርኩን ታሪክ ይዞ የሚመጣው ባክአፑ ሲወሰድ የግሬድ ሂስትሪ ምርጫ ላይ ምልክት ከተደረገ ብቻ ነው። ሰርቨር ሲቀየር ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል። አሮጌው ሰርቨር ገና ካልጠፋ ታሪኩ እዚያ አለ፤ ሳይሰረዝ ድረሱበት።

የቀረው የአድሚኑ ቅንብር ነው። ግሬድ ሂስትሪን ጨርሶ ማጥፋት ይቻላል። ከተወሰነ ቀን በኋላ እንዲሰረዝ ማድረግም ይቻላል። ጠፍቶ በቆየበት ጊዜ ያልተመዘገበውን ማንም አያመጣውም። የተሰረዘውን ግን የዳታቤዝ ባክአፕ ካለ ማግኘት ይቻላል። እባካችሁ፣ ባዶ ሪፖርት ይዛችሁ «ማርኩ አልተቀየረም» ብላችሁ ለተማሪ አትመልሱ። ባዶ ማለት አልተቀየረም ማለት አይደለም።

አራሚው ተማሪው ራሱ ነው ይላል

ይህን አይቶ «ሲስተሙን ሰብሮ ገባ» የሚል አለ። ተረጋጉ። ኩዊዝ ራሱን በራሱ ሲያርም ማርኩ የሚገባው ተማሪው ጨርሶ ባስረከበበት ቅጽበት ነው። ያን ጊዜ ሎግኢን ያደረገው ተማሪው ስለሆነ የእሱ ስም ይመዘገባል። ምንጭ የሚለውን ኮለም እዩ። ኩዊዝ ካለ ጤነኛ ነው። የተማሪ ስም በእጅ በገባ ማርክ ላይ ከታየ ግን ለአድሚኑ ወዲያው አሳውቁ።

ሰዓቱ አይገጥምም

ሪፖርቱ የሚያሳየው ፕሮፋይላችሁ ላይ ባለው የሰዓት ክልል ነው። አፍሪካ/አዲስ አበባ መሆኑን እዩ። ከዳታቤዙ በቀጥታ የምታወጡ ከሆነ ጊዜው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ የተቆጠረ ሰከንድ ነው፤ የሚቆጠረውም በዩቲሲ (ዓለም አቀፍ መነሻ ሰዓት) ነው። የእኛ ሰዓት ከዚያ በ3 ሰዓት ይቀድማል፤ ስለዚህ 10,800 ሰከንድ ደምሩ። ትንሽ ነገር አይደለም። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የገባ ማርክ በዩቲሲ ያለፈው ቀን 22:00 ሆኖ ይታያል። የማርክ ማስገቢያው ቀን ዛሬ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ካበቃ፣ ያረፈደው በጊዜው የደረሰ ይመስላል።

ኤክሴል ላይ የአማርኛ ስሞች ተበላሹ

ፋይሉ ጤነኛ ነው፤ ኤክሴል ነው ያላነበበው። ከሙድል ስታወርዱ ሲኤስቪን (ተራ የጽሑፍ ሠንጠረዥ ፋይል) ትታችሁ ኤክሴልን ምረጡ። ሲኤስቪው የግድ ካስፈለገ ኤክሴል ውስጥ ዳታ ከሚለው ሜኑ አስገቡትና የፊደል ኮዱን ዩቲኤፍ-8 በሉት።

አሳይመንቱ ላይ ያለው ማርክና ግሬድቡኩ ላይ ያለው ተለያዩ

ወደ ተማሪዋ ልመለስ። አሳይመንቷ ውስጥ አሁንም 34 ነበር፤ ግሬድቡኩ (የኮርሱ ማርክ ሁሉ የሚሰበሰብበት መዝገብ) ላይ ግን 28። ሂስትሪው ላይ ምንጩ ኢምፖርት (ከፋይል የተጫነ) ይላል፤ ኦቨርራይድ (በአሳይመንቱ ማርክ ላይ ሌላ ማርክ ተጭኗል) የሚለውም አዎ። መምህሩ የሚድ ማርክ ለማስገባት የድሮ ኤክሴል ጭነዋል። በፋይሉ ውስጥ ሳይታረም የቀረ የአሳይመንት ኮለምም ነበረ። እጃቸው ማርኩን አልነካውም፤ ፋይሉ ነው የነካው።

በኢምፖርት የገባ ማርክ ኦቨርራይድ ስለሚሆን ከዚያ በኋላ አሳይመንቱ ላይ ደጋግማችሁ ብታርሙ እንኳ ግሬድቡኩ አይሰማም። መፍትሄው ግሬድቡኩ ላይ የተማሪዋን ማርክ ለማስተካከል ከፍቶ የኦቨርራይድን ምልክት ማንሳት ነው። አንስተን ሴቭ ስናደርግ 34ቱ ተመለሰ። በዚያው ፋይል የተነኩ ሌሎች ተማሪዎችም ነበሩ፤ ሪፖርቱን በዚያ ቀን አጣርተን አንድ በአንድ አስተካከልን። መምህሩ አሁን ኢምፖርት ሲያደርጉ የማይፈልጉትን ኮለም ሁሉ ኢግኖር (እለፈው) የሚለው ላይ ይተዉታል።